ሐቅ ሲቀድም ኺድማ ይከተላል

በገላን ኮንዶሚኒየም፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ሁሉ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኘው በአብዛኛው ዕጣ ነው። አንዱ ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ ወጣለት፤ ሌላው እኩል ቆጥቦ አልወጣለትም። ያልወጣለት ያዝናል፣ ያማርራል፣ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። ተበደልኩ ግን አይልም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች የወጣው ዕጣ ከዚህ የተለየ ነገር አሳየ። ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ተገኝተዋል ተብሎ ዕጣው በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ያን ጊዜ ሰውን ያስቆጣው ቤት ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ቤት ማጣትማ ከዚያ በፊት በየዙሩ ነበር። ያስቆጣው ሚዛኑ መነካቱ ነው።

ሰው የደረሰውን ድርሻ ብቻ ሳይሆን ድርሻው የተወሰነበትን መንገድም ይመዝናል። ይህ ምዕራፍ ያንን ሐሳብ ይዞ ወደ አንድ የሥራ ቦታ ይገባል፤ ወደ እስላማዊ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል። እዚያ ማስተማር እንጀራም ነው፣ ዒባዳም ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ከደሞዝ በላይ የሚሠራው ሥራ ከየት ይመጣል? ለምንስ ይደርቃል? የሚሉትን ጥያቄዎች ይህ ክፍል ከሌላው የሥራ ቦታ ይልቅ ጥርት አድርጎ ያሳያል።

የመምህሩ ሦስት ሚዛኖች

እስቲ እንደ ገላን ባለ ሰፈር የተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት በሐሳባችን እናቋቁም። ጠዋት የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቃኢዳ (የፊደል ትምህርት)፣ ነዘር (ቁርኣንን እያዩ ማንበብ) እና ሒፍዝ (በቃል መያዝ) ያስቀራል። ይህ አከፋፈል ከሕግ የመጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ሁለት ዓይነት መምህር ይሰበሰባል። የቀለም ትምህርት መምህሩ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ አለው፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ሊሆን ይችላል። የዲን መምህሩ ወይም ኡስታዛዋ ዕድሜያቸውን በኪታብ ላይ የጨረሱ ናቸው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለደሞዝ እርከን የሚያቀርቡት ወረቀት የላቸውም።

የመጀመሪያው ሚዛን የድርሻ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ስቴሲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳስረዳው፣ ሠራተኛ የሚያገኘውን ለብቻው አይመዝንም። የሰጠውንና የተቀበለውን ይዞ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ከሰጠውና ከተቀበለው ጋር ያስተያያል። የእኛ ኡስታዝ ደሞዙ ትንሽ መሆኑን ሲቀጠር ያውቃል። የሚቆጠቁጠው ሌላ ነው። ለጀማሪዎች ቃኢዳ የሚያስቀራው እሱ፣ ስልሳ ሕፃን በአንድ ክፍል ይዞ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል፤ ደርዘን የሒፍዝ ተማሪ የያዘው ባልደረባው ከእሱ የበለጠ ይከፈለዋል። ከኮልፌ የሚመጣው መምህር ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ሲያበቃበት ታክሲ ይጨምራል፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖረው በእግሩ ይመጣል፤ የትራንስፖርት አበል የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ «ፍትሐዊ ደሞዝ» የሚባለው ነገር አንድ ብቻ አለመሆኑ ችግሩን ያወሳስበዋል። ሞርተን ዶይች የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ድርሻ የሚከፈልባቸውን ሦስት መንገዶች ለይቶ አስቀምጧል፤ እንደ አስተዋጽኦ፣ በእኩልነትና እንደ ችግር። ሦስቱም በየራሳቸው ፍትሐዊ ናቸው፤ አብረው ግን አይሄዱም። ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) ያለውን ብታስበልጥ የአምስት ልጆች አባት ይጎዳል፤ የልጆች አባቱን ብትደግፍ ወጣቷ ኡስታዛ እኩል ሠርታ ያነሰ ታገኛለች። ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው ከሦስቱ የተሳሳተውን በመምረጡ አይደለም። ለአንዱ መምህር በአንዱ፣ ለሌላው በሌላው መንገድ እየከፈለ፣ ለምን እንደሆነ ለማንም ስለማይናገር ነው።

ሁለተኛው ሚዛን የአወሳሰን ነው። ጆን ቲቦ እና ሎረንስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት የፍርድ ቤት ሙግትን መርምረው ነበር። ያገኙት ነገር ሽማግሌ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የተናገረ ሰው የተፈረደበትን እንኳ ይቀበላል። ጄራልድ ሌቨንታል ከአምስት ዓመት በኋላ አወሳሰንን ፍትሐዊ የሚያደርጉ ስድስት መለኪያዎችን አወጣ። ውሳኔው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ወሳኙ ለራሱ ጥቅም አያድላ፤ መረጃው ትክክል ይሁን፤ ስሕተት ሲገኝ ይታረም፤ የሚመለከታቸው ሰዎች ይደመጡበት፤ ከሥነ ምግባር አይውጣ።

ሦስተኛው ሚዛን የአያያዝ ነው። ሮበርት ቢስ እና ጆሴፍ ሞግ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳመለከቱት፣ ደንቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ነጋሪው ሊያቆስል ይችላል። መምህሩ በወላጅ ፊት ተገሥጿል ወይስ ለብቻው ተመክሯል? ደሞዝ ሲዘገይ ቀድሞ ተነግሮታል ወይስ ሱቅ በዱቤ ገዝቶ ከተዋረደ በኋላ ነው የሰማው?

የዚህ ሦስተኛ ሚዛን ክብደት የታየው ጄራልድ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት ነው። በአንድ ድርጅት ሥር ካሉ ፋብሪካዎች በሁለቱ ሥራ ስለቀዘቀዘ የሠራተኞች ደሞዝ ለአሥር ሳምንታት በ15 በመቶ ተቀነሰ። በአንደኛው ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ ምክንያቱን በቁጥር አስረዳ፣ ጥያቄ ተቀበለ፣ ማዘኑን ገለጸ። በሌላው በአጭሩ ተነግሮ ተበተኑ። ቅነሳው አንድ ነበር። ከፋብሪካ የሚሰረቀው ዕቃ ግን በአጭሩ በተነገራቸው ዘንድ እጅግ አሻቀበ፤ ሥራ የለቀቁትም በብዛት ከእነሱ ነበሩ። መድረሳ ውስጥ የሚሰረቅ ዕቃ የለም። የሚሰረቀው ጊዜና ልብ ነው፤ እሱን ደግሞ ቆጥሮ የሚይዝ ግምጃ ቤት የለም።

ሸኹ በምን ይኖር ነበር?

የመድረሳ መምህር ስለ ደሞዝ ሲያነሳ «የድሮዎቹ ሸኾች ሳይከፈላቸው አላስተማሩም ወይ?» የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ግማሽ እውነት ስለሆነ ሊመረመር ይገባዋል።

በወሎ የነበሩትን የትምህርት ማዕከላት ብናይ፣ ሸኹ ወርሃዊ ደሞዝ አልነበረውም። መተዳደሪያ ግን ነበረው። ደረሳው (ተማሪው) እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በእርሻ ያግዛል። መንደሩ ተማሪውን ይቀልባል፤ አዝመራ ሲገባ ለሸኹ ይደርሰዋል፤ ለዚያራ የሚመጣው ባዶ እጁን አይመጣም። ልጅ ቁርኣን ሲያኸትም ወላጅ ደግሶ አስቀሪውን ያከብራል። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ውል ነበር። ሸኹ ዕውቀቱን ይሰጣል፤ ኅብረተሰቡ ኑሮውን ይሸከማል።

ያ ውል ቀስ በቀስ ፈረሰ። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የመሬት ይዞታን ከሥሩ ለወጠ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ከኪራይ ቤት የሚገኘውን ገቢ አደረቀ። የቀረውን ከተሜነት ጨረሰው። አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ኡስታዝ እህል የሚያመጣለት መንደር የለውም። በየወሩ የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይጠበቅበታል። የድሮውን ኺድማ፣ ማለትም በፈቃድ የሚሰጥ አገልግሎት፣ ከእሱ እየጠበቁ የድሮውን መተዳደሪያ መንፈግ ከሁለቱ ወገኖች የአንዱን ግዴታ ብቻ ማስቀረት ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህንን ችግር ከእኛ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው አይተውታል። ቁርኣን ለማስተማር ክፍያ መቀበል ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥያቄ መዝሀቦችን አከራክሯል። በአገራችን ሰፊ ተከታይ ያለው የሻፊዒ መዝሀብ ፈቀደ፤ ማሊኪዎችም እንዲሁ። የቀደሙት ሐነፊዎች ከለከሉ። በኋላ የመጡት የሐነፊ ሊቃውንት ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ምክንያታቸው ለዚህ ምዕራፍ እጅግ ይጠቅማል፤ በቀድሞው ዘመን አስተማሪዎች ከሕዝብ ግምጃ ቤት፣ ከበይተል ማል፣ ድጎማ ነበራቸው። ድጎማው ሲቋረጥ ክፍያ ከተከለከለ የሚያስተምር ይጠፋል፤ ቁርኣንም ይዘነጋል። እነዚህ ሰዎች የመምህሩን ኢኽላስ (የልብ ቅንነት) አልተጠራጠሩም። ኢኽላስ የቤት ኪራይ እንደማይከፍል ግን ተረድተው ነበር።

ሰው አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ የትንሣኤ ቀን ተሟጋቹ አላህ ራሱ እንደሚሆን በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ ያስጠነቅቃል። ዘካንም ከደሞዝ ጋር ማደባለቅ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ችግር ያለበት መምህር ዘካ ቢሰጠው መልካም ነው፤ የሠራበት ደሞዝ በዘካ ስም ቢሰጠው ግን ዕዳው አልተከፈለም፤ በላዩም ሐቁን እንደ ምጽዋት እንዲቀበል ተደርጓል።

ውል ውስጥ ያልተጻፈው ሥራ

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። አንድ ትምህርት ቤት ውል ላይ በተጻፈው ብቻ ቢሠራ በሳምንቱ ይቆማል። የታመመን ባልደረባ ክፍል የሚሸፍን፣ ወላጁ ዘግይቶ የቀረበትን ሕፃን በር ላይ ይዞ የሚጠብቅ፣ አዲስ የተቀጠረችውን ኡስታዛ ልጆቹን እንዴት እንደምትይዝ የሚያሳይ፣ ሙራጀዓ (ክለሳ) የጎደለውን ተማሪ ከዐሥር ሶላት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያሰማ፣ ቅሬታ ሲኖረው በየታክሲው ከማውራት ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱንም የደሞዝ መክፈያ ሰነዱ አያውቀውም።

አሜሪካዊው ቼስተር ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1938 ድርጅትን የሚያቆመው የሰዎች የመተባበር ፈቃደኝነት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ዴኒስ ኦርጋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ከግዴታ በላይ የሆነ ሥራ በአምስት ከፈለው፤ ሌላውን መርዳት፣ ማንም ሳያይ ሥራን ጠንቅቆ መሥራት፣ በትንሽ ነገር አለማማረር፣ ሌላውን ከሚያስቸግር ነገር አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በድርጅቱ የጋራ ጉዳይ መሳተፍ። ሥራው በሽልማት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ባይሠራም የሚያስቀጣ አይደለም። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ለዚህ የራሱ ስም አለው፤ ኺድማ ይለዋል።

ኺድማን የሚያመጣው ምንድን ነው? ቀላሉ መልስ እርካታ ነው፤ ሥራው ያስደሰተው ሰው ይጨምራል። ኦርጋን ራሱ የተነሳው ከዚህ ነበር። የረካ ሠራተኛ የግድ ብዙ ምርት አያወጣም፤ ምርቱን የሚወስኑት ችሎታ፣ መሣሪያና የሥራ ሰዓት ናቸው። ስልሳ ሕፃን የያዘ ኡስታዝ ቢረካም ባይረካም በሰዓቱ ውስጥ ሊያሰማ የሚችለው ልጅ የተወሰነ ነው። እርካታውን መግለጽ የሚችለው በእጁ ባለው፣ በነፃ ፈቃዱ በሚሰጠው ነገር ነው።

ሮበርት ሙርማን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ግን አንድ ጥያቄ አከለ። እርካታንና የፍትሕ ስሜትን አብሮ ሲለካ፣ ከኺድማ መሰል ሥራ ጋር ተያይዞ የቀረው የፍትሕ ስሜት ሆነ፤ ከፍትሕም ውስጥ አያያዙ፣ የአለቃው አነጋገርና አክብሮት። እርካታ ብቻውን የነበረው ግንኙነት ደበዘዘ። ጄሰን ኮልኪት እና ባልደረቦቹ ከአሥር ዓመት በኋላ 183 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩም የፍትሕ ስሜት ከእርካታ፣ ለድርጅቱ ከመታመንና ከግዴታ በላይ ከመሥራት ጋር እንደሚያያዝ አረጋገጡ።

ይህ ለመድረሳ ሲተረጎም ጉዳዩ ይገለጣል። የዲን መምህር በሥራው ይዘት ብዙ ጊዜ የረካ ነው። አሊፍ ያልለየ ልጅ ጁዝ ሲሐፍዝ ማየት የሚሰጠው ደስታ የትም አይገኝም። ስለዚህ አስተዳዳሪው «ደስተኛ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሰውየው በማስተማሩ ደስተኛ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ግን አይደለም። ለልጆቹ የሚሰጠውን አይቀንስም። ለተቋሙ የሚሰጠውን ነው የሚቀንሰው፤ ስብሰባ ይቀራል፣ የባልደረባውን ክፍል አይሸፍንም፣ የተበላሸውን አይቶ ዝም ይላል። የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ተማሪዎቹም አንዳንዴ ተከትለውት ይሄዳሉ። ኮሚቴው በዚህ ሲገረም የሚያየው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

ያልተጠየቀ መምህር

የኢትዮጵያ ታሪክ መምህርን ሳይጠይቁ ስለ መምህር መወሰን ምን እንደሚያስከትል ሁለት ጊዜ በግልጽ አሳይቷል።

የመጀመሪያው በመላ አገሪቱ የታየው ነው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማብቂያ ላይ ሴክተር ሪቪው የተባለ የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተዘጋጀ። ዕቅዱ የመጀመሪያ ደረጃን በአራት ዓመት ወስኖ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስ ይፈልግ ነበር፤ ሐሳቡ በራሱ ሊከራከሩበት የሚገባ ነበር። ነገር ግን በባለሙያዎችና በባለሥልጣናት መካከል ተዘጋጅቶ አለቀ፤ መምህራኑ ሲሰሙት ሁሉም ነገር ተወስኗል። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር ተቃውሞውን ከደሞዝ ጥያቄ ጋር አዳብሎ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መታ። በዚያው ቀን ታክሲዎችም ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ፤ ግን ረፍዶ ነበር፤ የየካቲት አብዮት ተጀምሯል።

ሁለተኛው እስላማዊ ትምህርት ቤት ውስጥ የሆነ ነው። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባው አወሊያ ትምህርት ቤት የዐረብኛና የእስልምና ትምህርት መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። በወቅቱ ትምህርት ቤቱ በእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (በመጅሊሱ) ሥር ይተዳደር ነበር። ተማሪዎቹ ተቃወሙ፤ ተቃውሞው ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተደምሮ ከግቢው ወጣ፤ በየጁምዓው በየመስጊዱ የሚሰማ «ድምፃችን ይሰማ» የተባለ ሰላማዊ እንቅስቃሴ ሆነ። አሥራ ሰባት አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ተመረጠ። ኮሚቴው ካቀረባቸው ጥያቄዎች መካከል አወሊያ ሕዝበ ሙስሊሙ በመረጠው ነፃ ቦርድ ይተዳደር የሚለውና የመጅሊስ መሪዎች ምርጫ በመስጊድ ይካሄድ የሚለው ይገኙበታል። የኮሚቴው አባላት በዚያው ዓመት ክረምት ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ረጅም እስራት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ተፈቱ።

አወሊያ የገባበት ማዕበል ከአንድ ትምህርት ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር እጅግ የሰፋ ነበር፤ የሃይማኖት ነፃነትና የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ጥያቄ ነበር። ሆኖም ከጥያቄዎቹ መካከል ስለ ገንዘብ የሚናገር እንዳልነበረ ልብ በሉ። ጥያቄዎቹ ማን ይወስን፣ በማን ውክልና፣ ማንን አዳምጦ የሚሉ ነበሩ። ከሌቨንታል ስድስት መለኪያዎች ውስጥ የሚመለከታቸው ሰዎች ይደመጡ የሚለው ይኸው ነው።

«ለአላህ ብለህ» የሚባለው መቼ ነው?

በእስላማዊ ትምህርት ቤቶች አስተዳዳሪው እጅ ላይ ሌላ ቦታ የሌለ መሣሪያ አለ። ባንክ ወይም ፋብሪካ ሠራተኛውን «አጅሩን (የአላህን ምንዳ) አስብ» ሊለው አይችልም። ኡስታዙ ግን ደሞዙን ሲጠይቅ «ሰብር አድርግ»፣ «ኢንሻአላህ ይስተካከላል»፣ «ይኼ ለዱንያ የሚሠራ አይደለም» ይባላል። ቃላቱ ሁሉ እውነት ናቸው። ችግሩ የሚናገረው ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ነው። አጅርን ማሰብ የሠሪው መብት ነው፤ ባለዕዳው ሲያሳስብ ግን ዕዳ ማስተላለፊያ ይሆናል። ቀን ያልተቆረጠለት «ኢንሻአላህ» ሲደጋገም መምህሩ ቀስ በቀስ ሃይማኖቱን ራሱን ከአለቃው ማመካኛ ጋር ማያያዝ ይጀምራል፤ ከዚህ የከፋ ጉዳት የለም።

በእስራኤል ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኤራን ቪጎዳ ጋዶት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት መምህራንን ስለ ትርፍ ሥራቸው ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ በፈቃድ የሚሠራ የሚመስለውን ሥራ የሚሠሩት ጠንካራ ጫና ስለሚሰማቸው ነው አሉ። የዚህ ዓይነቱ የግዴታ በጎነት ከሥራ ውጥረትና ከመልቀቅ ሐሳብ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ረመዷን ሲመጣ ከተራዊሕ በኋላ «ሁሉም ኡስታዝ ይቆያል» የሚል ማስታወቂያ፣ የክረምት ኮርስ ሲከፈት ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእጥፍ የሚያድግ ክፍል፣ እምቢ ያለውን «ዲኑ ቀዝቅዟል» ብሎ ማማት፤ እነዚህ ሁሉ ኺድማን ወደ ግብር ይለውጡታል። ግብር የሚከፈለው ልክ በታዘዘው መጠን ነው።

ለአስተዳዳሪዎችም ሐቃቸውን እንስጣቸው። የሰፈር መድረሳ ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ ከኪሱ ኪራይ ይሞላል፤ ወላጅ ወርሃዊውን ሲያዘገይ በር እያንኳኳ ይለምናል። «እኔ በነፃ ስሠራ እሱ እንዴት ያማርራል?» ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱን ግን ሊያይ ይገባል። የኮሚቴው አባል ኺድማውን የሚሰጠው ሌላ ቦታ ከሚያገኘው እንጀራ ላይ ነው፤ የመምህሩ እንጀራ ግን እዚሁ ነው።

ገንዘብ የማይጠይቅ ፍትሕ

ከሦስቱ ሚዛኖች ገንዘብ የሚጠይቀው አንዱ ብቻ ነው። ደሞዝ የሚያድገው ወላጅ ከከፈለ፣ ተማሪ ከበዛ፣ ወቅፍ ከተገኘ ነው። የአወሳሰንና የአያያዝ ፍትሕ ግን ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል፤ በሙርማን ጥናት ከኺድማ መሰል ሥራ ጋር ተያይዞ የቀረውም አያያዙ ነው።

መነሻው ወረቀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመሠርቷቸውን የሥራ ግንኙነቶች የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ከአዋጁ ውጭ ሊያደርግ እንደሚችልም ይደነግጋል፤ ስለዚህ የዲን መምህሩ ከሕግ ከለላ ዳር ሊቀር የሚችልበት ዕድል አለ። ዕዳን ወደ ተወሰነ ጊዜ ሲዋዋሉ እንዲጻፍ የሚያዝ ቁርኣን ያለው ማኅበረሰብ ግን የደሞዝ ውልን ለመጻፍ የመንግሥትን አዋጅ መጠበቅ አይኖርበትም። ወረቀቱ ላይ ደሞዙ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የክፍል ብዛት፣ የረመዷንና የክረምት ሥራ በግልጽ ይቀመጥ። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ኺድማ መሆኑ ያኔ ይታወቃል። ድንበር የሌለው መሬት ላይ ማን ለማን እንደሰጠ አይለይም።

ቀጥሎ ምክንያት ነው። የሒፍዝ መምህር ለምን እንደሚበልጥ፣ ወይም ለምን እንደማይበልጥ፣ መምህራኑ ባሉበት ተነግሮ ቅሬታ ይሰማ። ብር ሲጎድል የገቢና የወጪ ሂሳቡ ይገለጥላቸው፤ ያለውን አይቶ የተካፈለ ሰው ያነሰውን ይሸከማል። ከመምህራኑ አንድ ከቀለም፣ አንድ ከዲን፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው። ሹራ (ምክክር) ለሙስሊም ተቋም ከውጭ የመጣ ምክር አይደለም። ቅሬታ የሚቀርብበት፣ ከአስተዳዳሪው ሌላ የሆነ አንድ የሚከበር ሰውም ይኑር፤ የተሳሳተ ውሳኔ የሚታረምበት በር ከሌለ የቀሩት አምስት መለኪያዎች ብዙም አይጠቅሙም። ተግሣጽ ለብቻ፣ ምስጋና በሰው ፊት ይሁን።

ቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል፣ በ90ኛው አንቀጽ፣ ፍትሕንና በጎ መዋልን በአንድ ትእዛዝ ያዛል። በአንቀጹ ፍትሕ ይቀድማል። የሥራ ቦታ ጥናቶችም በሌላ መንገድ ሄደው እዚሁ ደርሰዋል፤ ሐቁ የተጠበቀለት ሰው ከሐቁ በላይ ይሰጣል፤ ሐቁ ያልተጠበቀለት ደግሞ የሰጠውን መቁጠር ይጀምራል።

አንድ ኮሚቴ በመምህራኑ ዘንድ የቀረው ኺድማ እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ከፈለገ የፈቃደኞችን ብዛት አይቁጠር። አንድ ኡስታዝ «ዛሬ አልችልም» ሲል ምን እንደሚከተለው ይመልከት። ካልተቆጡት፣ ካላሙት፣ ከሚቀጥለው ወር የክፍል ድልድል ላይ ካልቀጡት፣ ነገ «እችላለሁ» ሲል ከልቡ ነው። እምቢ ማለት በማይቻልበት ግቢ ግን እሺታ ሁሉ ያው የደሞዙ አካል ነው፤ ለዚያውም ያልተከፈለው አካል።